በሃሙር ስም የሚሸጠው ዓሣ



ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዓሣን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ነጋዴ ነው። ዓሣ ከባሕር ሲወጣ የታወቀ ስም አለው፤ ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ራሱና ጅራቱ ተጥሎ ነጭ ሥጋ ብቻ ሆኖ ሲቀርብ ግን ሻጩ የፈለገውን ስም ሊሰጠው ይችላል። ያን ጊዜ ርካሹ ውድ፣ ከሩቅ አገር የመጣው የአገር ውስጥ፣ በረዶ ሆኖ የከረመው ደግሞ «ዛሬ የተያዘ» ይባላል።

«ይህ እኛን ምን አገባን?» የምትል እኅት ትኖር ይሆናል። ያገባናል። በአል ሙራቃባትና በዴራ ሰፈሮች፣ በሻርጃና በአጅማንም በብዙ ቤት ዓሣውን የምታጥበው፣ የምትቀቅለውና የምትጠብሰው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ብዙዎቻችን ገንዘብ ተሰጥቶን ገበያ እንላካለን። አንዲት እኅት ለሃሙር የሚበቃ ገንዘብ ተቀብላ ሄደች እንበል። «ሃሙር ነው» ተብላ በሃሙር ዋጋ ገዛች። ማታ ማዕድ ላይ ሲቀመስ «ይሄ ሃሙር አይደለም፤ የተረፈውን ገንዘብ የት አደረግሽው?» ተባለች። ያታለለው ነጋዴ ነው፤ የተጠረጠረችው ግን እሷ ናት። ስለዚህ የዓሣን ስምና መልክ ለይቶ ማወቅ ለእኛ የሙያ ብቻ ሳይሆን የስምም ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ማታለሉ እንዴት እንደሚፈጸም፣ ማንን እንደሚጎዳና እንዴት መጠንቀቅ እንደምንችል እናያለን።

ሃሙር ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ሃሙር በባሕረ ሰላጤው አገሮች እጅግ ከሚወደዱት ዓሣዎች አንዱ ነው። የሳይንስ ስሙ ኤፒኔፌለስ ኮዮይደስ ነው። አካሉ ደልደል ያለ፣ አፉ ሰፊ፣ የታችኛው መንጋጋው ከላይኛው ወጣ ያለ፣ የጅራቱ ጫፍ ክብ ነው። ቆዳው ግራጫና ቡናማ ሲሆን ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ተበትኖበታል። ቅርፊቱ ጥቃቅን ነው፤ ይሁን እንጂ ቅርፊት አለው። ሥጋው ነጭና ወፍራም ስለሆነ ሲበስል ቶሎ አይፈርስም፤ በትልልቁ ይላቀቃል እንጂ። የሚወደደውም ለዚህ ነው።

የዚህ ዓሣ አኗኗር ከሌላው ለየት ይላል። ሃሙር በዝግታ ያድጋል፤ ከ20 ዓመት በላይም ሊኖር ይችላል። በመጀመሪያ ሴት ሆኖ ያድግና ሲተልቅ አንዳንዱ ወደ ወንድነት ይለወጣል። ትልልቆቹ ብቻ ተመርጠው ከተጠመዱ ወንዶቹ ያልቃሉ፤ ትንንሾቹ ከተጠመዱ ደግሞ ሳይወልዱ ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት ከመጠን በላይ ሲጠመድ ቶሎ የሚጎዳ ዓሣ ነው።

በቦታው የሚገባው ማነው?

በሃሙር ቦታ በቀላሉ ሊገባ የሚችለው በገበያው «ባሳ» የሚባለው ዓሣ ነው። በሳይንስ ፓንጋሲየስ ይባላል፤ በአንዳንድ መደብር «ክሪም ዶሪ» በሚል ስምም ታገኙታላችሁ። በብዛት የሚመጣው ከቬትናም ነው፤ በዚያ በሜኮንግ ወንዝ አካባቢ በኩሬ ይረባል። ወገኑ ከእኛ አምባዛ ጋር ነው። እንደ አምባዛ ጢም አለው፤ እንደ አምባዛም ቆዳው ለስላሳና ቅርፊት የሌለው ነው።

ባሳ በራሱ መጥፎ ምግብ አይደለም። አጥንት የለሽ ፊሌቶ ሆኖ ይሸጣል፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ እያወቀ ገዝቶ ይበላዋል። ጥፋቱ ያለው ባሳ መሸጡ ላይ ሳይሆን ባሳን «ሃሙር» ብሎ መሸጡ ላይ ነው። የሁለቱ ፊሌቶ ዋጋ በጣም ይራራቃል፤ ስሙን ብቻ የለወጠ ሰው ያንን ልዩነት በሙሉ ይዞ ይሄዳል። ዓሣው በዱቄት ተለውሶ ከተጠበሰ ወይም በቅመም መረቅ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ አዋቂ እንኳ በቀላሉ አይለየውም።

እንዲህ ያለው ነገር በዚህ አገር ብቻ የሚፈራ አይደለም። ኦሺያና የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በአሜሪካ 21 ግዛቶች ውስጥ ካሉ 674 መደብሮችና ምግብ ቤቶች 1,215 የዓሣ ናሙና ሰብስቦ በዲኤንኤ አስመርምሮ ነበር። ከመቶው 33ቱ የተሸጡበት ስም የራሳቸው አልነበረም። «ስናፐር» ተብለው ከተሸጡት ቀይ ዓሣዎች መካከል ደግሞ ከመቶው 87ቱ ሌላ ዓሣ ሆነው ተገኙ። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ55 አገሮች የተሰበሰቡ 200 ያህል ጥናቶችን አገናዝቦ ሲያወጣ፣ ከተመረመሩት ከ25,000 በላይ ናሙናዎች ከአምስቱ አንዱ ያለ ስሙ የተሸጠ ነበር። በሌላ ዓሣ ስም በብዛት ከተሸጡት መካከል ግንባር ቀደሙ ባሳና የባሳ ዘመዶች ነበሩ።

የእኛም አገር ሰው የሚያውቀው ዓሣ በዚህ ነገር ውስጥ ስሙ ይነሣል። በአርባ ምንጭ፣ በቻሞ ሐይቅ የሚጠመደውን ነጭ ዓሣ የምታውቁት ትኖራላችሁ። ፈረንጆቹ ናይል ፐርች ይሉታል። በስፔን ገበያ የሃሙር ዘመድ ነው ተብሎ የቀረበ ፊሌቶ በላቦራቶሪ ሲመረመር ናይል ፐርች ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ የሐይቁም የባሕሩም ሥጋ መልኩ አንድ ይሆናል።

ጉዳቱ የሚደርሰው በማን ላይ ነው?

አንደኛው ጉዳት በኪስ ላይ ነው። ገዢው ላላገኘው ነገር ይከፍላል። ይህ የአሠሪዎቻችን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በዕረፍት ቀናችን ሙራቃባት ወጥተን ምግብ ቤት ስንገባ ከደመወዛችን የምንከፍለውም ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው በሕሊና ላይ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ስለ ዓሣ የተጻፈውን ሥርዓት ተከትለው ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ዓሣ የማይበሉ ብዙ ክርስቲያኖች በአገራችን አሉ። አምባዛን የማይቀምሱትም ለዚህ ነው። ከሙስሊሞች መካከልም የሺዓ እምነት ተከታዮች ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አይበሉም። በዱባይ የኢራንም፣ የሊባኖስም፣ የባሕሬንም ተወላጅ የሆኑ የሺዓ ቤተሰቦች አሉ። ባሳ ቅርፊት የለውም። እንግዲህ «ሃሙር» ተብሎ ባሳ የቀረበለት ሰው ገንዘቡን ብቻ አይደለም የተወሰደበት፤ አልበላም ያለውን ሳያውቅ እንዲበላ ተደርጓል። እንዲህ ባለ ቤት የምትሠራ እኅት ጉዳዩ የጣዕም ብቻ እንዳልሆነ ልታውቅ ይገባል።

ሦስተኛው በጤና ላይ ነው። አብዛኛው ለውጥ ሰውን አያሳምምም፤ የሚያሳምም ግን አለ። እስኮላር የተባለ ቅባታም ዓሣ በአሜሪካ «ነጭ ቱና» እየተባለ በብዛት ሲሸጥ ተገኝቷል። በሥጋው ውስጥ ያለው ሰም መሰል ቅባት በሰው ሆድ ስለማይፈጭ ብርቱ ተቅማጥ ያስከትላል። ጣሊያንና ጃፓን መሸጡን ከልክለውታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በአሜሪካ ቺካጎ አካባቢ «ሞንክፊሽ» ተብሎ የተሸጠ ዓሣ የበሉ ሁለት ሰዎች ታመሙ። ሲጣራ መርዝ ያለው ፓፈርፊሽ ሆኖ ተገኘ። የፓፈርፊሽ መርዝ ቢቀቀልም ቢጠበስም አይጠፋም። ለአንድ ዓይነት ዓሣ አለርጂ ያለበት ሰውም ስሙን አምኖ ሲበላ አደጋ ላይ ይወድቃል።

በረዶ የነበረውን ዓሣ አቅልጦ «ትኩስ» ብሎ መሸጥም የራሱ ጣጣ አለው። ገዢዋ ትኩስ ነው ብላ መልሳ ፍሪዘር ልታስገባው፣ ወይም ቀን ሙሉ ልታቆየው ትችላለች። በተለይ ቱናና ካናድን የመሳሰሉ ዓሣዎች ሙቀት ላይ ከቆዩ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይፈጠርባቸዋል። ፊት ይቀላል፣ ራስ ይመታል፣ ሰውነት ያሳክካል። ይህም በእሳት አይጠፋም። ቤተሰቡ ሲታመም መጀመሪያ የምትጠየቀው ያበሰለችው እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።

ባሕሩስ ምን ይሆናል?

የዚህ አገር የዓሣ ሀብት እ.ኤ.አ. በ1978 ተጠንቶ ነበር። በ2002 አካባቢ እንደገና ሲጠና በባሕሩ ወለል አጠገብ የሚኖሩት ዓሣዎች ክምችት ወደ 80 ከመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ሃሙርም ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የኤሚሬትስ የዱር እንስሳት ማኅበር ከዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ጋር ሆኖ «በጥበብ ምረጡ» የሚል ዘመቻ ጀመረ። ዓሣዎቹን በአረንጓዴ፣ በብርቱካንማና በቀይ ከፍሎ ሕዝቡ በቀይ ያሉትን እንዲተው፣ በአረንጓዴ ያሉትን እንዲመርጥ መከረ። ሃሙርና ካናድ ቀይ ውስጥ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሃሙር ባሕሩ ሊሸከም ከሚችለው ሰባት እጥፍ እየተጠመደ እንደነበር ተገልጿል።

«ታዲያ በሃሙር ፋንታ ባሳ ከተሸጠ ሃሙሩ መትረፉ አይደለም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ዓሣ ሲያልቅ ሕዝቡ ማለቁን የሚያውቀው ከገበያ ሲጠፋና ዋጋው ሲወደድ ነው። በየምግብ ቤቱ «ሃሙር» በየቀኑ፣ ያውም በርካሽ ከተገኘ ግን ሃሙር ሞልቷል ብሎ ያስባል። መመገቡን አይቀንስም፤ ወደ ሌላ ዓሣም አይዞርም። ሐሰተኛው ሃሙር እውነተኛው ተፈላጊ ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል፤ አጥማጁም ባገኘው ቁጥር ያወጣዋል። ስለዚህ የሐሰት ስም ዓሣውን ከመረብ አያድነውም፤ የማለቁን ወሬ ከሰው ጆሮ ይደብቃል እንጂ።

በሌላ በኩል ደግሞ ማጥመዱ የተከለከለ ዓሣ በተፈቀደው ስም ሊሸጥ ይችላል። ለምሳሌ ሳፊና ሸሪ የተባሉት ዓሣዎች በሚራቡበት በማርችና በኤፕሪል ወራት እንዳይጠመዱና እንዳይሸጡ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 አግዶ ነበር። እንዲህ ያለ እገዳ የሚሠራው ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስም እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው። ስሙ ከተለወጠ ተቆጣጣሪውም ገዢውም ባዶ እጁን ይቀራል።

ጥንቃቄ ፍሬ እንደሚያፈራ ግን ማስረጃ አለ። አቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በ2019 ገርጉር የሚባለውን፣ ከሽቦ የሚሠራውንና ከባሕር ወለል የሚቀመጠውን የዓሣ ወጥመድ ከለከለች። በዚያው ግዛት ከሚጠመደው ዓሣ ውስጥ ባሕሩን ሳይጎዳ የሚጠመደው ምን ያህል እንደሆነ በየዓመቱ ይለካል። በ2018 ይህ 8.9 ከመቶ ብቻ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ 97.4 ከመቶ ደርሷል። ስድስት ዓመት የተደከመበት ይህ ሥራ በገበያው ላይ በሐሰት ስም እንዳይበላሽ መጠንቀቅ የሁሉም ድርሻ ነው።

የስም መለያየት ሁሉ ማታለል አይደለም

ሻጩን ከመክሰሳችን በፊት አንድ ነገር እናስተውል። በዱባይ የዓሣ ገበያ የብዙ አገር ቋንቋ ይነገራል፤ አንዱ ዓሣ አራት አምስት ስም አለው። ማዳም «ካናድ» የምትለውን ሻጩ «ኪንግፊሽ» ይለዋል፤ ሕንዳዊው «ሱርማይ»፣ የኬራላው ሰው ደግሞ «ነይሚን» ሊለው ይችላል። ሁሉም ያው ካናድ ነው። ፊሊፒናዊቷ ጓደኛችን «ላፑላፑ» ስትል ሃሙርንና ዘመዶቹን ማለቷ ነው። «ሱልጣን ኢብራሂም» የሚለው ስም ግን የተለያዩ ቀያይ ዓሣዎች ይጠሩበታል፤ የሊባኖስ ሰው የሚፈልገውና የኤሚሬትስ ሰው የሚፈልገው አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ስትላኩ ስሙን በቃል ብቻ አትያዙ። ማዳም በዓረብኛ ጽፋ ትስጣችሁ፤ ከተቻለም የዓሣውን ፎቶግራፍ በስልክ ላይ ያዙ።

ገበያ ስትሄዱ

1. ሙሉውን ዓሣ ግዙ። ራሱ፣ ቆዳውና ጅራቱ ያለ ዓሣ ስሙን መደበቅ አይችልም። የድሮውን የዴራ ዓሣ ገበያ የተካውና እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው ዋተርፍሮንት ማርኬት ከሙራቃባት ሩቅ አይደለም፤ በሻርጃም ሶቅ አል ጁባይል አለ። በእነዚህ ገበያዎች ሙሉውን መርጣችሁ፣ አስመዝናችሁ፣ እዚያው ማስጠረግ ትችላላችሁ። ሲጠረግ ግን አጠገቡ ቁሙ፤ የመረጣችሁትና የተሰጣችሁ አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ።

2. ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነውና ራሱን መርምሩ። ዓይኑ የጠራና ያልሰመጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ይሁን። ሽታው የባሕር እንጂ የሚከረፋ አይሁን።

3. ፊሌቶ ከፈለጋችሁ ቢያንስ በአንድ ጎኑ ቆዳው እንዳለ አስቆርጡ። በሃሙሩ ቆዳ ላይ ነጠብጣቡ ይታያል። ቤት ደርሳችሁ መግፈፍ ቀላል ነው።

4. የባሳን ፊሌቶ መልክ እወቁ። ረዘም፣ ሳሳ ያለና ሁሉም አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ነው፤ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሆናል፤ በመካከሉ ቀላ ያለ መስመር ሊታይ ይችላል። ሲበስል ይለሰልሳል። የሃሙር ፊሌቶ ግን ወፍራምና ጠንካራ ነው።

5. በረዶ የሆነውን ስትገዙ የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ካልቻላችሁ የሚያነብ ጠይቁ። የዓሣው ስም፣ የመጣበት አገር፣ የተጣራው ክብደትና የሚያበቃበት ቀን መኖር አለባቸው። «ሃሙር» ብሎ ከኋላው «ቬትናም» የሚል ከሆነ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። በፊሌቶው ላይ የተለበጠው በረዶም ክብደት እንዳይሆንባችሁ የተጣራውን ክብደት እዩ።

6. ዋጋው ከሌላው ሻጭ በጣም ከረከሰ ተጠራጠሩ። እውነተኛ ሃሙር በባሳ ዋጋ አይሸጥም።

7. የዓሣው ስም የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ። ዓሣው ሳይቆረጥ ከዋጋ ሰሌዳው ጋር ፎቶ አንሥታችሁ ለማዳም ብትልኩላት ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚነሣ ነገር የለም። ደረሰኝ የነጋዴን አፍ ይይዛል፤ የእኛንም ስም ይጠብቃል።

የተታለላችሁ ከመሰላችሁ

ከማብሰላችሁ በፊት ለአሠሪዎቻችሁ ንገሩ። ፈርታችሁ ዝም ካላችሁ ነገሩ በኋላ በእናንተ ላይ ይዞራል። ቁራሹን ከነማሸጊያው ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፤ ደረሰኙን አትጣሉ። ከዚያ ከአሠሪዎቻችሁ ጋር ሆናችሁ ወደ ሻጩ መመለስ ወይም ለማዘጋጃ ቤት ማመልከት ይቻላል። የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ስልክ 800900፣ የሻርጃ ደግሞ 993 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የምግብ ደኅንነት ሕግና በ2020 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ገዢን በሐሰት ስም ማሳሳትን ይከለክላሉ። እነዚህ ሕጎች የሚጠብቁት ባለ ሀብቱን ብቻ አይደለም፤ በዕረፍት ቀኗ አንድ ሳሕን ዓሣ ገዝታ የምትበላዋንም እኅት ጭምር ነው።

በምግብ ቤትም ቢሆን «ዓሣው ምንድን ነው? ከየት ነው የመጣው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጠያቂ ሲበዛ ሻጭም ይጠነቀቃል። ለመብላት ብቻ ከሆነም ሃሙር ካልሆነ ብለን አንጨነቅ፤ ባሳን በባሳነቱና በባሳ ዋጋ ብንገዛ ማንም አልተበደለም። ክፉው ነገር በአንዱ ስም ሌላውን መሸጥ ነው። ነጋዴው ስሙን ሲለውጥ ገንዘቡን እሱ ይወስዳል፤ ኪሳራውን ግን ገዢዋ፣ ያበሰለችውና ባሕሩ ይካፈሉታል።

በያላችሁበት ሰላም ሁኑ።